አየር ክብደት እንዳለው ያስተማሩት የአክስታችን የሕይወት ታሪክ

አክስታችን ከፖስታ አመላላሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ቢሆኑም እንደ በኩር የሚያዝዙ፣ "ለምን?" ማለት የማይሰለቻቸው ነበሩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሠፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ጀመሩ። ውኃ የሞላ ብርጭቆ በካርቶን ከድነው ሲገለብጡትና ውኃው ሳይፈስ ሲቀር ልጆቹ አፋቸውን ይይዙ ነበር። "እትዬ አየር" የሚለውን ስም ያወጡላቸው እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

በ1971 ዓ.ም. ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። የትምህርት ቤቱን አዳዲስ ክፍሎች ቆርቆሮ የመቱት ባለቤታቸው ነበሩ። ሰኔ 1985 ዓ.ም. ከምሳ በኋላ የተነሣው አውሎ ነፋስ ያንን ጣሪያ ነቅሎ ጣለው። ከሥሩ የነበረው ወንድ ልጃቸው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው መዶሻ አልጨበጡም። አክስታችን ግን እንባቸው ሳይደርቅ ወደ ክፍል ተመለሱ። የቀረው ምዕራፍ ስለ አየር ግፊት ነበር፤ ሌላ መምህር እንዲያስተምርላቸው ቢለመኑ አሻፈረኝ አሉ። አንዲት ተማሪ ነፋሱ ጣሪያውን እንዴት ገፍቶ እንደጣለው ጠየቀቻቸው። ወረቀት ከከንፈራቸው ሥር ይዘው በላዩ እፍ ሲሉበት ወረቀቱ ወደ ላይ ተነሣ።

"አልገፋውም" አሏት። "ነፋሱ ከላይ ሲሮጥ ግፊቱ ቀነሰ፤ ከታች ያለው አየር ነው ያነሣው።"

ያችን ወረቀት ተማሪዎቹ ዛሬም ያስታውሳሉ።

ያንኑ ለባለቤታቸውም ቤት ውስጥ አስረዱ። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት በአንድ ማዕድ እየቀረቡ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ሳይሉ ኖሩ። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ባለቤታቸው ጓዳ ይገባሉ፤ እሳቸውም ከጓዳው በር አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

አክስታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ የልብ ሕመም ጸናባቸው። ባለፈው ወር ባለቤታቸው ከሆስፒታል አልጋቸው ጎን ተቀምጠው፣ ያንን ጣሪያ ሲመቱ ሚስማሩ አንሶ ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው።

"አንሶ ነበር" አሉ አክስታችን። "የወደቀውን ቆርቆሮ ያየሁ ዕለት አውቄዋለሁ። እያወቅሁ ነው አብሬህ የኖርኩት።"

ይህ በእናንተ ፊት እንዲነበብ የጠየቁት ራሳቸው ባለቤታቸው ናቸው።

አክስታችን ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከልጃቸው አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም እንቅልፍ ይስጥልን።