ለእንግዳ የተቀመጠች ወንበር

መጋቢት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.
የካ፣ ከእንጦጦ ሥር

ለክቡር አቶ ከበበ፣
የሰፈራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእንጦጦ ብርድ እንዳይደፍርዎ፣ የበልጉ ጭቃ ጫማዎን እንዳይነካው፣ ከዚያም በላይ ይህ ደብዳቤ እንቅልፍዎን እንዳይነሣዎ እመኛለሁ። እኔም፣ ባለቤቴ በለጡም፣ በእርስዎ ቸርነት ከትምህርት ድካም ተርፋ የከረመችው ልጃችን ጂቱም፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን።

እንደ እርስዎ ላለ ትልቅ ሰው ደብዳቤ የሚቀርበው በታሸገ ፖስታ መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ከዚህ በፊት አሽጌ ያቀረብኳቸው ሁሉ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት እስከማይከፈቱ ድረስ አጥብቄ አሽጌያቸው ይሆናል ብዬ ጥፋቱን በራሴ አደረግሁ። ስለዚህ ይህኛውን ሳላሽገው በመጀመሪያ ለእድርተኛው አነበብኩት፣ ቀጥሎም በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት፤ ክቡርነትዎ ሲያልፉ ሲያገድሙ ያለ ድካም እንዲያነቡት ነው።

ስሜ ካልታወሰዎ፣ ሰቦቃ ፈዬራ እባላለሁ። ትምህርት ቤቱ የቆመበት ቦታ ሟቹ አባቴ ገብስ ይዘራበት የነበረ ማሳ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው «ልጆቻችሁ የሚማሩበት ቤት ይሠራበት» ብለው ሲለምኑት፣ አባቴ እሺ ብሎ ሰጠ፤ ለመሠረቱ የሆነውን ድንጋይ ደግሞ እኛ ከዳገቱ በትከሻችን አወረድን። ይህን የማነሣው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። አባቴ የዋህ ሰው ስለ ነበረ «ልጆቻችሁ» ሲሉት የማንን ልጆች እንደሆነ አልጠየቀም፤ ለዚህ ስሕተቱ በእርሱ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ፤ በወጉ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ልኬቱ። የልደት ቀን በማይጻፍበት በእኛ ሰፈር፣ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን ሲነካ ነው፤ ትምህርት ቤትዎም በዚሁ ይለካል። አምና በመስከረም ጂቱን ይዣት መጣሁ። ጣቶቿ ከጆሮዋ በላይ ቀሩና «ለከርሞ» ተባልን። አልተቀየምኩም፤ ሕግ ሕግ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይህች ልጅ በነቃች ቁጥር እጇን በራሷ ላይ እየጣለች ስትለካ፣ ከብት ስታስገባም፣ ውኃ ስትቀዳም ስትለካ ከረመች። መስከረም ሲቃረብ ጥቂት ቀራት። ጥቂቱ ደግሞ ሹሩባዋ ነበረ፤ ፀጉሯ እንደ እናቷ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ክንዷን ያነሣባታል። በለጡ ያን ሹሩባ ከሕፃንነቷ ጀምራ በቅቤ ያሳደገችው ነው። «ፀጉር ይበቅላል፣ ዓመት ግን አይመለስም» ብላ በመቀስ ከሥሩ ቆረጠችው። ልጅቱ አለቀሰች፣ እናትየዋም አለቀሰች፤ እኔም ወንድ ነኝ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በማግስቱ ለልኬቱ ይዣት መጣሁ፤ እጇ ደረሰ። መድረስ ብቻ አይደለም፣ ጆሮዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛ፣ መምህሩ «በቃ፣ ልቀቂው» እያሉ እየሳቁ እንኳ አልለቅም አለች። የምትነጠቅ መስሏት ነው። በዚህ ጊዜ ክቡርነትዎ ከቢሮ ብቅ ብለው ክፍሉ መሙላቱን፣ ወንበሮቹም በክረምቱ ለውጭ አገር ሰዎች ልጆች መያዛቸውን በትሕትና ገለጹልን። የእነርሱ ልጆች ጆሯቸውን እንዲነኩ ተጠይቀው እንደሆነ አላውቅም፤ እጃቸው ከባሕር ማዶ ድረስ መድረሱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አዎን፣ አይቻለሁ። የምሠራው ከሰፈሩ በላይ ለሚኖር አንድ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ ነበረ፤ ዘበኛውም አትክልተኛውም እኔ ነበርኩ። ሰውየው ካሪን የምትባል የጂቱ እኩያ የምትሆን ልጅ ነበረችው፤ እርስዋን ትምህርት ቤት ማድረስም የእኔ ሥራ ሆነ። ጂቱን ይዤ በተመለስኩበት በር፣ በሳምንቱ ካሪንን እጇን ይዤ ገባሁ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካስ ስለ እኔ ነው።

ያን ዕለት ደፍሬ ብጠይቅዎ፣ «እንግዳ ማስቀደም የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ከተማችን የአፍሪካ ሁሉ መሰብሰቢያ ከሆነች ወዲህ ደግሞ አገራችን በክፉ እንዳትነሣ መጠንቀቅ አለብን» ብለው አስተማሩኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ በትምህርት ቤትዎ ከቤተሰባችን የተማርኩ እኔ ብቻ ነኝ። እውነትዎን ነው፣ በእኛም ቤት እንግዳ ሲመጣ የላይኛው መደብ የእርሱ ነው፤ ከወጡ ፍርምባው ለእርሱ ይወጣል፣ የምንተኛበት አጎዛ ይነጠፍለታል። ልጅም ከመደብ ወርዶ መሬት ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ለእንግዳ ቦታ እንዲሆን ልጁን ከቤት አስወጥቶ በሩን የዘጋበት አባት፣ በየካም ሆነ በሱሉልታ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

በእድራችን ይህ ነገር ሲነሣ አቶ አካሉ የሚባሉት ጎረቤቴ ተቃወሙኝ። «ልጅ ልጅ ነው፤ የፈረንጅም ልጅ ቢሆን አገር ለቆ መጥቶ ደጅ ሊቀር ነው ወይ?» አሉ። ልክ ናቸው። ካሪንን በየቀኑ እጇን ይዤ የሄድኩ ሰው፣ በእርስዋ ላይ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ የሰጧትን ወንበር ተቀመጠች እንጂ የማንንም አልቀማችም። እኔ የምለው አንድ ቤት ሲጠብ በመጀመሪያ የቤቱ ልጅ ይግባ፣ ቀጥሎ ተጠጋግተን ለእንግዳው እናስፋለት ነው። ይህ ጥላቻ ከሆነ ክቡርነትዎ ያርሙኝ።

ሁለተኛ፤ እንግዳም ደረጃ እንዳለው ሳያስታውቁን በመቅረትዎ። በሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ወይዘሮ ኩልሱም ባልዋ ከየመን የመጣ ነው። እንግዳ ይቀድማል መባሉን ከእኔ ሰምታ፣ ደስ ብሏት የመጨረሻ ልጅዋን አጥባ አልብሳ ይዛ መጣች። እንግዳነቱ አልተገኘላትም። ዜጋ ናት እንዳይባል አባትዋ የውጭ አገር ሰው፣ እንግዳ ናት እንዳይባል አባትዋ ባለ ሱቅ ሆነና፣ ልጅቱ በሁለቱም በር ሳትገባ ቀረች። ኩልሱም እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች፤ ያታለልኳት መስሏታል።

ሦስተኛ፤ ስለ ወላጆች ቀን። ለዚህ የተለየ ምስጋና አለኝ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በተደረገው በዚያ በዓል ላይ ካሪን መድረክ ወጥታ ፊደል ቆጠረች። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለች፣ እየጎተተች፣ መጨረሻውን ከፍ እያደረገች። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። ክቡርነትዎም ተነሥተው «የትምህርት ቤታችን ፍሬ ይህ ነው፤ የእኛ ልጆች እንኳ እንዲህ አያዜሙትም» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ በትምህርት ቤትዎ ፊደል በሰሌዳ ይጻፋል እንጂ አይዜምም። ያ ዜማ ከእንጦጦ ራጉኤል የወረደ ነው፤ በልጅነቴ የኔታ ገብረማርያም በአለንጋ ያስያዙኝ፣ እኔም ያለ አለንጋ ለጂቱ ያስያዝኳት ነው። ካሪን የተማረችው ከጂቱ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመሐንዲሱ ግቢ አጥር ቀዳዳ ግራና ቀኝ ይቀመጡና፣ አንዷ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ትላለች፤ ሌላዋ የተማረችውን ታሳያለች፤ አማርኛው ሲደርስ ግን አስተማሪዋና ተማሪዋ ይለዋወጡ ነበር።

ያን ዕለት እኔ የካሪንን ካፖርት ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ፤ ጂቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ታዜማለች። ካሪን መጨረሻው አካባቢ ስትደርስ ጠፋትና ዝም አለች። ያን ጊዜ ጂቱ ከውጭ «ጰ!» ብላ አቀበለቻት። ካሪን ፈገግ ብላ ቀጠለች፤ ዘበኛዎ ግን ድንጋይ አንሥቶ «ሂጂ ከዚህ!» ብሎ ልጄን እንደ ውሻ አባረራት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ልጄ ግን በእጅዎ እንኳ አልተያዘችም፤ ለእርስዋ የተነሣላት ድንጋዩ ነው። ጭብጨባው የልጄ ነበረ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

አራተኛውንም በተራ ቁጥር ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ከዚህ በኋላ ያለውን ዝም ብዬ ልንገርዎት።

በየካቲት የመሐንዲሱ ሥራ አለቀና ቤተሰቡ ወደ አገሩ ተመለሰ። ካሪን ስትሄድ አልቅሳለች። እኔም ሥራ ፈታሁ። ይሁን እንጂ በሐዘኔ መካከል አንድ ደስታ መጣብኝ፦ ወንበርዋ ባዶ ሆነች! በለጡ የሰማች ዕለት ልብስ አጠበች፤ የጂቱ ፀጉርም በቅሎ ስለ ነበረ እንደ ነገሩ ጎነጎነችላት። ይዣት መጣሁ። ጸሐፊዎ በመስኮት አሻግረው ወንበርዋን አሳዩኝ፤ ባዶ ናት፣ አቧራ ይዟታል። ቀጥለውም፣ ወንበርዋ ለሚመጣው እንግዳ የተያዘች መሆንዋን ነገሩኝ። የትኛው እንግዳ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ገና አልታወቀም። መቼ ይመጣል? እርሱም አልታወቀም። «በመስከረም ላምጣት ወይ?» ስላቸው ጂቱን ከእግር እስከ ራስዋ አይተው፣ በመስከረም ዕድሜዋ ለአንደኛ ክፍል ያለፈ እንደሚሆን አስታወቁኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ አምና አልደረሰችም፣ ዘንድሮ ቦታ የለም፣ ለከርሞ አልፎባታል። ስሙ ለማይታወቅ፣ ገና ላልመጣ፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደ እንግዳ ወንበር ሲጠበቅ፣ በአያቷ ማሳ ላይ የቆመች ልጅ መግቢያ አጣች። በክቡርነትዎ ላይ መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው ግን ከውስጤ አልቆ ሐዘን ብቻ ቀርቶኛል። ማታ ማታ ልጄን ቀና ብዬ ማየት አፍራለሁ።

እኔ ሥራ ስለ ፈታሁ አሁን ጂቱ ከእናቷ ጋር እንጦጦ ትወጣለች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ አስራ፣ ተሸክማ ትወርዳለች። የምትወርድበት መንገድ በትምህርት ቤቱ በር በኩል ነው። ሌላ መንገድ እንዳለ በለጡ ነግራት ነበር፤ በዚያ መሄድ አልወደደችም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ሸክሟን በግንቡ ላይ አስደግፋ ትቆምና ትሰማለች። ዘበኛዎ እስካሁን ስላላባረራት እርሱንም በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ልመናዬ አንድ ነው። እስከ ሰኔ ጥቂት ወራት ቀርተዋል። እንግዳው እስኪመጣ ድረስ ልጄ ወንበርዋን ትጠብቅለት። አቧራዋን ታራግፍለታለች። በመጣ ዕለት ትነሣለታለች፤ መነሣት ታውቅበታለች።

በእንግዳ ተቀባይነትዎ አገር ሁሉ እየተመካ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ ሹመትና የማይጎድል እንግዳ ይስጥዎ እያልኩ፣ በተሰበረ ልብ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የገብሱ ማሳ ባለቤት የነበረው የፈዬራ ልጅ፣
የጂቱ አባት፣
ሰቦቃ ፈዬራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡርነትዎ በትርፍ ጊዜዎ ጂኦግራፊ እንደሚያስተምሩ ሰምቻለሁ። ትናንት ጂቱ ጭራሮዋን አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠችና «አባ፣ እኛ እንግዳ የምንባልበት አገር ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ የሚያውቁት ከሆነ አገሩን በካርታ ላይ ያመልክቱን፤ እናቷ ስንቅ ትቋጥርላታለች።