ለሁለት ልጅ አንድ ወንበር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሐዲስ፤ አርባ ምንጭ።

ወንድም ጋሼ፣ ክረምቱን እንዴት ወጡት? ጤናዎስ እንዴት ነው? ያ ዝናብ ሲጥል የሚነሣብዎት የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮ አዘነልዎት ወይስ እንደ አምናው አልጋ ላይ አዋለዎት? እትዬ ተሻለችስ እንዴት ናቸው? ወባው ደጃችሁን እንዳይረግጥ ሁልጊዜ እለምናለሁ። አማረችስ አደገች? ትንሹ አስፋውስ አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ነው የሚያደርገው? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። ሰንበታ ምድር ባቡር ሥራው ላይ ነው፤ እኔም ልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ውስጥ ከስፌት መኪናዬ ጋር ነኝ። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ስለ ልጆቹ ትምህርት ምክር ፈልጌ ጽፌልዎት ነበር። መልስ ስጠብቅ ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ ዓመቱም ተለወጠ። ሰንበታ «ጥፋቱ የፖስታው ነው እንጂ ጋሼ ሐዲስ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም» ይላል። እኔ ግን አልዋሽዎትም፣ ተቀይሜያለሁ። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ምክር የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። አሁን ደብዳቤው እንዳልደረስዎት ቆጥሬ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልዎት፤ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ሙሉብርሃን አምና ዘጠነኛ ክፍል የገባው እዚሁ ከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ፈረቃው ከሰዓት ነበር። የናዝሬትን የከሰዓት ፀሐይ ያውቁታል፤ ቆርቆሮው ሲግል ክፍሉ ምጣድ ይሆናል። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ሆነው ይጣበቃሉ፣ ቦታ ያልደረሰው መስኮት ላይ ይወጣል። ይህስ ይሁን፤ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ የሁሉም ልጅ መማር አለበት እላለሁ። የፊዚክስ መምህራቸው ግን በኅዳር ለዘመቻ ተጠርተው ሄዱ፤ ምትክ ይመጣል፣ ይመጣል ሲባል ዓመቱ አለቀ። የሂሳቡም መምህር ከሚገቡበት ቀን የሚቀሩበት ይበዛል። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተን ከቀበሌያችን ልጆች ሁሉ በልጦ ያለፈ መሆኑን አይዘነጉትም፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት መዝገበ ቃላት ልከውለት ነበር። ሰኔ ላይ የሂሳብ ደብተሩን ስገልጠው ግማሹ ባዶ ነው። «ምነው?» ስለው «የሚያስተምረኝ ሳይኖር ምን ልጻፍበት?» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣልኝ በወደድኩ፤ ተስፋ በቆረጠ ሽማግሌ ድምፅ ነው ያለው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ እርስዎም ሳይገባዎት አይቀርም። የጎረቤታችን የደራርቱ ልጅ ደሊል አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። ቤት ዋለ። ቀበሌው ጠራው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመዘገበ፣ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ከዚህ በላይ በደብዳቤ አይጻፍም። ደራርቱን ጠዋት በር ላይ አግኝቼ «አከም ቡልቴ?» ስላት መልሷ ሰላምታ አይደለም፤ «ልጆችሽን አስተምሪ» ነው። ሙሉብርሃን ደግሞ ጢሙ ማቀምቀም ጀምሯል።

ታናሹ ሆራም በበኩሉ ዘንድሮ ስምንተኛን አልፎ ለዘጠነኛ ደረሰ። ስለዚህ ሁለቱንም ቅዱስ ኤፍሬም ላስገባ ተነሣሁ። ከባቡር ጣቢያው ማዶ ያለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ የግሎቹ ሁሉ ሲወረሱ እሱ በምን ዕድል እንደቀረ እንጃ። ዩኒፎርማቸውን የሚሰፋው የእኛ ማኅበር ስለሆነ የተማሪዎቹን ልክ ልወስድ ስገባ ውስጡን አይቼዋለሁ። ቤተ ሙከራ አለው፣ የመጻሕፍት ክፍል አለው፣ በየክፍሉም መምህር አለ። ወንድም ጋሼ፣ ይህ እንደ ብርቅ የሚጻፍ ነገር ሆኖ ነው የምጽፍልዎት፤ በየክፍሉ መምህር አለ! በሌሎች ሰዎች ልጆች ትከሻ ላይ ሜትሬን እየዘረጋሁ በልቤ የራሴን ልጆች ስለካ ነበር የዋልኩት።

ችግሩ አዲስ የሚቀበሉት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ብቻ ነው። ሙሉብርሃን «ይሁን፣ ዘጠነኛን እደግማለሁ» አለ፤ ሁለቱም አንድ ላይ እንዲፈተኑ አስመዘገብኳቸው። ለዚያም ከቀበሌ የድጋፍ ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ሊቀ መንበሩን ጓድ ነገሪን ያውቋቸዋል፣ ያኔ ሲመጡ የተዋወቋቸው ናቸው። «የሰፊው ሕዝብ ትምህርት ቤት ምን ጎደለውና ነው ልጆችሽን ለሚሲዮን የምትሰጪው?» አሉኝ። «መምህር ጎደለው» አልኳቸው። ሰንበታ ከጎኔ ሆኖ ቆነጠጠኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን መመላለስ አይጠይቁኝ። ዛሬ ማኅተሙ የለም፣ ነገ ጸሐፊው የለም፣ ከነገ ወዲያ ስብሰባ ነው። በመጨረሻ ከእንግዲህ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሁሉ ላይ እንደምካፈል ቃል አስገብተው ሰጡኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እየተካፈልኩ ነው።

ልጆቹ ተፈተኑ፤ ሁለቱም አለፉ። ስማቸው ተለጥፎ ሳየው እዚያው የትምህርት ቤቱ በር ላይ እልል አልኩ፤ የማላውቃቸው ሴቶችም ተቀበሉኝ። በማግሥቱ ዳይሬክተሩ አባ ወልደአማኑኤል አስጠሩንና «ልጆቻችሁ ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን አመልካቹ በዝቶ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ብቻ እንድንወስድ ተወስኗል። እናንተው ምረጡ» አሉን። ወንበር ጠፍቶ ከሆነ ከቤቴ ተሸክሜ አመጣለሁ አልኳቸው። «ወንበሩ አይደለም ልጄ። ከእናንተ ሁለት ብወስድ የሌላይቱ እናት ልጅ ውጭ ይቀራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ፤ ውሸት ቢሆን እሟገት ነበር። የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ አቤት ብል «የሚሲዮኑ የውስጥ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ተመልሼ አባን ብጠይቅ «ቁጥሩን የሚወስነው ጽሕፈት ቤቱ ነው» አሉኝ። በዚያ ሙቀት ከተማውን እያቋረጥኩ ከዚያ ወዲህ፣ ከወዲህ ወዲያ ስባል እግሬ አበጠ።

እንግዲያው ለአንዱ ሌላ ቦታ ልፈልግ ብዬ ሙሉብርሃንን ይዤ ሻሸመኔ ወረድኩ። የሰንበታ እኅት እልፍነሽ፣ ተማሪ እያሳደረ የሚያስተምር የሚሲዮን ትምህርት ቤት እዚያ አለ ብላ ልካብኝ ነበር። ዝዋይ ላይ ዓሣ ሻጮቹ አውቶቡሱን ከበው ሲሻሙ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቡልቡላ ስንደርስ ጎማ ፈነዳና ዝናብ ላይ ቆመን ዋልን። በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ በር ብንደርስ ዘበኛው መሣሪያ ይዟል። ግቢው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ከተወሰደ ሰንብቷል አለን፤ ምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዴስኮቹ ከክፍል ወጥተው በአጥሩ ጥግ ተቆልለዋል፣ ዝናብ ይወርድባቸዋል። ሙሉብርሃን አተኩሮ አያቸውና «እማዬ፣ ወንበሩ ሁሉ እዚህ ነበር ለካ» አለኝ። እስከ እልፍነሽ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። እኔም በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበር አላየኝም።

ከዚያ ስንመለስ እኔና ሰንበታ ተጣላን። እንዲህ የተጣላንበትን ጊዜ አላስታውስም። እሱ «ታላቁ ይግባ» ይላል። «ሆራ ድንጋይ ላይ ቢያስቀምጡት ይማራል። ሙሉብርሃን ግን እየሰጠመ ነው፤ የሰጠመውን ትተን የሚዋኘውን እንጎትታለን?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ሙሉብርሃንስ አምና እንደ ሆራ ሲዋኝ አልነበር? ያ ክፍል አይደለም ወይ ያሰጠመው? ሆራንም እዚያው ጨምረን ሁለት ልናጣ ነው?» እለዋለሁ። እሱም እውነቱን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው። ሁለት እውነት አንድ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ባለ ትዳር ነዎት፣ ያውቁታል። እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ እንኳ የሚለኝ በሆራ በኩል ነበር። ያን ጊዜ ነው መልስዎን ከምንም በላይ የጠበቅኩት።

እኛ ስንጨቃጨቅ ለካስ ልጆቹ ይሰማሉ። የምዝገባው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ትምህርት ቤቱ ሄጄ ጥቂት ቀን ይጨምሩልኝ ብዬ አባን ለመንኳቸው። «ምን ያስጨምርሻል፤ ጨርሰናል እኮ» አሉኝ። ሙሉብርሃን ብቻውን መጥቶ ስሙን አስሰርዟል። «እኔ ዘጠነኛን ብደግም ትምህርቱን ሳልጨርስ ዕድሜዬ ለውትድርና ይደርሳል፣ ታናሼ ግን ጊዜ አለው፣ እሱን መዝግቡልኝ» ብሏቸው ነው። «እናትህና አባትህ ያውቃሉ ወይ ብዬ ብጠይቀው ያውቃሉ አለኝ፤ እንደዋሸኝ ገብቶኛል፣ ነገር ግን እንደዚያ ቆሞ የሚናገርን ልጅ እንዴት ልመልሰው?» አሉኝ።

ቤት የገባሁት ልቆጣው ነበር፤ እራቱን አቀረብኩለት። ሰንበታ ሲሰማ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፣ ዘግይቶ ተመልሶም ልጁን ግንባሩን ስሞ ተኛ። ሆራ ግን አበደብን። «ማን ስጠኝ አለው?» ብሎ ጮኸ፣ በገዛ እጄ የሰፋሁለትን ዩኒፎርም አልለብስም ብሎ አልጋ ሥር ወረወረው። ታላቁ አውጥቶ፣ አራግፎ፣ ተኩሶ ሰቀለለት። ትምህርት የተከፈተ ዕለት ያለበሰውም እሱ ነው፤ «አንተ ካልገባህ እኔ ያደረግኩት ሁሉ ከንቱ ነው» ሲለው ከጓዳ ሰማሁ። ሆራ ለበሰ፣ ሄደ። ሙሉብርሃን በሩ ላይ ቆሞ እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ንዴቴ መልኩን ለወጠ። እስከዚያ የተናደድኩት በጽሕፈት ቤቱ፣ በቀበሌው፣ በእርስዎም ነበር። ያን ቀን ግን እኛ ትልልቆቹ ልንወስነው ያልቻልነውን አንድ ልጅ ተሸክሞት ሳይ በራሴ አፈርኩ። እሱ ድርሻውን አድርጓል፤ የእኔ ደግሞ ይኸው። ሙሉብርሃን አሥረኛን እርስዎ ዘንድ ይማራል። ሂሳብ የሚያስተምሩት እርስዎ ከሆኑ መምህሩ ክፍል እንደሚገባ አልጠራጠርም። ከትምህርት ቤቱ መሸኛውን፣ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀቱን አውጥቻለሁ። መስቀል ባለፈ ሰኞ ከዚህ ይነሣል፤ ሻሸመኔ እልፍነሽ ዘንድ አድሮ ማክሰኞ እርስዎ ጋ ይገባል። ይሁን ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም። ጠይቄ ክረምቱን ሙሉ ጠብቄያለሁ።

ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ሲርበው አይናገርም፤ «ጠገብኩ» ሲል እትዬ ተሻለች እንዳያምኑት። ሂሳቡን ከዘጠነኛው መጀመሪያ ያስጀምሩት፤ ያልገባውን የገባው ለማስመሰል ይሞክራል፣ ያን ጊዜ ይቆጡት። ስለ ወንድሙ ያደረገውን ግን አንሥተው አያመስግኑት፤ እኔ ልጀምር ስል ክፉኛ ተከፍቶብኛል። ፖስታውን ስለማላምን ይህን ደብዳቤ የያዘልዎት ሙዝ ሊጭን የሚወርደው ሾፌር አብዱልጀባር ነው። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቢዘገይም ልጁ አይቀርምና ማክሰኞ መኪና ተራው ድረስ ይውጡለት።

እትዬ ተሻለችን እጅ ነሥቻለሁ፤ ሸክም ጨመርኩባቸው፣ ይቅር ይበሉኝ። አማረችን ይሳሙልኝ፤ ወንድም እየመጣላት ነውና አንድ መደርደሪያ ትልቀቅለት። አስፋውን በሁለቱም ጉንጩ ይሳሙልኝ። ሰንበታ በጣም ናፍቀውኛል፣ ልጄን በአደራ ሰጥቻለሁ ብሏል። ደራርቱም ሰላም በሉልኝ ትላለች። ሆራ ግን ሰላምታ አልላከም፤ ወንድሜን የሚወስድብኝ ሰው ነው ብሎ ተቀይሞዎታል።

እኅትዎ አሰለፈች
ናዝሬት፣ መስከረም 11 ቀን 1978 ዓ.ም.