ተፈታች የተባለችው መኪና

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ ለሐጂ ጃፋር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ወገብዎ ተሻለው? የዓይንዎ ሞራስ ባሰበት ወይስ እንደነበረው ነው? እማማ እንዴት ናቸው? ብርዱ ጠናባችሁ ወይ? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ሀፍሷም ልጆቹም ደህና ነን፤ እናንተን በድምፅ ብቻ ማግኘት ሰለቸን እንጂ።

ለዓይንዎ ሕክምና በአዲሷ ፒክአፕ መጥቼ እወስድዎታለሁ ብዬ የቀረሁበትን ምክንያት በስልክ ልነግርዎት አልፈለግሁም። መስመሩ ሲቆራረጥ ግማሹን ሰምተው በቀረው ይጨነቃሉ። እህቴ ኢማን ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

የመኪናዋ ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኗ ማለቴ ነው፣ ማንኳኳት ጀመረ። ዋስትናዋ ስላላለቀ የሸጠልኝ ድርጅት ጋራዥ አስገባኋት። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ዘከሪያ ይባላል፤ ምላሱ ማር ነው። "ወንድሜ፣ ሐሳብ አይግባህ፣ በዋስትናው እንሠራልሃለን" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር "ካምቢዮው ወርዶ ተፈቷል፣ ዕቃው ከውጭ እየመጣ ነው" ይለኛል። ልያት ስል ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ ሻይ ያዝልኛል። አባባ፣ ሻይ እየጋበዘ በር የሚዘጋ ሰው አላምንም።

የደረሰችበት ሀፍሷ ናት። አማኑኤል አካባቢ እህቷን ጠይቃ ስትመለስ ደወለችልኝ። "ተፈታች ያልከኝ መኪና የሰው ዕቃ እያመላለሰች ነው" አለች። ተሳስተሽ ይሆናል ብላት፣ "ልጅህ ሱንዱስ በሩ ላይ የለጠፈቻት ቢራቢሮ ሳትቀር ትታየኛለች" አለችኝ።

የብርድ ልብስ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወደዚያው ሮጥኩ። የጋራዡን ቱታ የለበሰ ሹፌር ፍራሽ ያወርዳል። የማን ዕቃ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ የማን መኪና እንደያዘ አላወቀምና፣ "የአለቃዬ የጋሽ ዘከሪያ ነው፤ ቤት እየቀየሩ ነው" አለኝ። እዚያው ቆሜ ዘከሪያ ጋ ደወልኩ። መኪናዬስ አልኩት። "ካምቢዮዋ ጠረጴዛ ላይ ነው" አለኝ። "እኔ አጠገቧ ነኝ፤ ቁም ሳጥንህ እየወረደ ነው" ስለው፣ "የሙከራ ጉዞ ነው" አይለኝም!

በማግስቱ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሠርኬ ዘንድ ገባሁ። ይቅርታ ጠይቀው ካምቢዮው በዋስትናው እንዲቀየር አዘዙ። መኪናዋን ተረክቤያለሁ፤ አሁን አታንኳኳም። ግን አዲስ ይግጠሙላት የሌላ ሰው አሮጌ፣ በምን አውቃለሁ? ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ብርድ ልብስ ጭኜ አትክልት ተራ ድረስ እሄድባታለሁ፤ መንገድ ላይ ብታቆመኝም እኔኑ ነው። እርስዎን ግን አላስቀምጥባትም።

ስለዚህ የፊታችን ጁምዓ ሰግጄ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ስንመለስ እርስዎ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከጎንዎ እንቀመጣለን። ጎረቤት "መኪና ያለው ልጅ አባቱን በአውቶቡስ ወሰደ" ቢል አይክፋዎት።

የእማማን ጉልበት ስሜያለሁ። አጎቴን ባህረዲንንና ቤተሰቡን ሰላም በሉልኝ። ኢማን፣ ስለ አውቶቡሱ የጻፍኩትን ደግመሽ አንብቢላቸው፤ አባባ እንቢ እንዳይሉኝ።

ልጅዎ ፉርቃን ጃፋር
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.