ሕፃናቱ ተኝተው ስለተገኙባት ክፍል

ለክቡር የትምህርት ቤቶች በጀት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርግዎም ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ገብቶ እንዳይቆምብዎ። የመጨረሻዋን የተመኘሁልዎ ከልቤ ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ አናጢ ነኝ። በሠፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ክፍል የሕፃናትና የቤተሰብ ድጋፍ ማዕከል ስትሆን መደርደሪያና ወንበሮቿን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ እዚያ ይውሉ ነበር፤ ነርስ እየመጣች ትመዝናቸዋለች፣ ግራ የገባት እናትም የምትጠይቀው ሰው ታገኛለች። ልጄ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። የእሷ ልጅ ሦስት ዓመት እስኪሞላት አንድ ቃል አልወጣትም ነበር፤ ዘመድ ሁሉ «ቆዩ፣ አንደበቷ ይፈታል» ይለን ነበር። የፈታላት ግን መቆየት አይደለም፤ ሁላችንም እታለም የምንላት የማዕከሉ ሞግዚት ናት። በየቀኑ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ፣ ኳስ እያንከባለለችላት፣ የከንፈሯን አነቃነቅ እያሳየቻት፣ በሰባት ወር አሥራ አንድ ቃል አስተማረቻት።

ባለፈው ወር እርስዎ የማዕከሉን በጀት ሰረዙ፤ ክፍሏም ተቆለፈች። ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ተቆጣጣሪ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሰውየው የመጡት ከምሳ በኋላ፣ አሥራ ስምንቱም ሕፃናት በየምንጣፋቸው በተጋደሙበት ሰዓት ነበር። እታለም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እባክዎ ቀስ ይበሉ፣ አሁን ገና ነው የተኙት» ብትላቸው፣ ጨዋ ሰው ናቸውና በእግር ጣታቸው እየረገጡ ገብተው፣ ዙሪያውን አይተው፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ከዚያም በሪፖርታቸው ላይ «በማዕከሉ ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ አልተስተዋለም» ሲሉ ጻፉ። አልዋሹም፤ እንቅስቃሴ እንዳይኖር እታለም አንድ ሰዓት ሙሉ ስታባብል ቆይታለች። እኔም ሙጫ እስኪደርቅ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ያየኝ ሰው ሥራ ፈት ሊለኝ ይችላል፤ እስከ ዛሬ ግን በዚህ ምክንያት የእንጨት ሥራ ቤቴን የዘጋብኝ የለም።

፪. በዚያው ሪፖርት ላይ «ወንበሮቹ ከደረጃው በታች ያጠሩ ናቸው» ስለተባለው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንበሮቹን የለካኋቸው በልጅ ልጄ ጉልበት ነበር። በእርስዎ ጉልበት መለካት እንደነበረብኝ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፫. ወላጆች ተፈራርመው አቤቱታ ባስገቡ ጊዜ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ተጠቃሚዎቹ በአካል ቀርበው ያስረዱ» የሚል መልስ በመስጠቱ ተደስተናል። ተጠቃሚዎቹን አዝለንና አቅፈን፣ አንዳንዶቹንም እየጎተትን መጣን። ጸሐፊዎ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በትሕትና አሳየችን፤ «ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ማስታወቂያው በደንብ የተጻፈ ነው፤ እንደ ሪፖርቱ ሁሉ።

፬. አራተኛውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። ተቆጥቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ልጄ ቀን የሚጠብቅላት ሰው ስላጣች ሕፃኗ የምትውለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ፣ በመጋዝና በምስማር መካከል ነው። ማሽኑ ሲጮህ ጆሮዋን ይዛ ጥግ ትገባለች። እኔ ደግሞ እንጨት እንጂ አንደበት ማቃናት አላውቅም። ውሃ ስትፈልግ «ውሃ» ትል የነበረች ልጅ ዛሬ እጄን ይዛ ወደ ጆጉ ትጎትተኛለች። ከአሥራ አንዱ ቃል የቀራት አንድ ብቻ ነው። ዶክተሩ «በዚህ ዕድሜ ያመለጠ ጊዜ ተመልሶ አይገኝም» ብሎናል፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን ጉዳዩን በሚቀጥለው ዓመት አየዋለሁ ብሏል። በሚቀጥለው ዓመት እርስዎ በወንበርዎ ላይ ይኖራሉ። እሷ ግን አራት ዓመት ይሞላታል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በጀቱን ይመልሱ፣ እታለምን ይጥሩ፣ በሩን ያስከፍቱ።

ሕፃናቱን ከእንቅልፋቸው ሳይቀሰቅሱ ከክፍላቸው ላስወጡበት ጥበብዎ ባርኔጣዬን አንስቼ፣ የመጋዝ ብናኙንም ከትከሻዬ አራግፌ፣ ወደር ከሌለው አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

የአጫጭር ወንበሮች ሠሪው አናጢ

ማሳሰቢያ፦ ክፍሏ ለሕፃናት ደኅንነት ኮሚቴ መሰብሰቢያ ስለምትሆን ትልቅ ጠረጴዛ እንድሠራላት ማዘዝዎን ሰምቼ ልክ ልወስድ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጄን የምተውበት ስለሌለኝ ይዣት ሄድኩ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ከእጄ አምልጣ ሮጠች፤ ምንጣፏ በነበረበት ቦታ፣ በባዶው ሲሚንቶ ላይ ተጋደመች፤ ዓይኗን ጨፍና «እታለም» አለችና ሳትነቃነቅ ጠበቀች። ተቆጣጣሪዎ ቢኖሩ ምንም እንቅስቃሴ አይታያቸውም ነበር። ልኩን አልወሰድኩም፤ ለጠረጴዛው ሌላ አናጢ ይፈልጉ።