የባለመርፌዋን ዓይን ለገለጡት ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የሥዕላዊ መጽሔታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ ሰውነትዎ ጤናን፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርታትን እመኛለሁ። በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መንገድ ቢጠፋባቸው ነው።

እኔ በመጽሔታችን በተከታታይ የሚወጣውን የባለመርፌዋን ሥዕላዊ ታሪክ የምጽፈው ሰው ነኝ፤ የምትስላት ታላቅ እህቴ ናት። ለማያውቁ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ባለመርፌዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ በመርፌዋ የተሰነጠቀ ድልድይና የተናጋ ግንብ ትሰፋለች፤ በሰፋች ቁጥር ግን ከዓይኗ ብርሃን ይቀነሳል። አስማቷ የሚሠራው በዚህ ሕግ ብቻ ነው። መርፌዋን ስታነሣ አንባቢ ትንፋሹን የሚይዘው የምትከፍለውን ስለሚያውቅ ነው።

አንደኛ፤ ክቡርነትዎ አስማቱ ከእንግዲህ ዋጋ እንዳያስከፍል በስብሰባ ወስነዋል። አንባቢ የሚገዛን ሊዝናና እንደሆነ፣ ማልቀስ ያማረው ደግሞ ልቅሶ ቤት እንደማያጣ ሲያስረዱን የሳቅነው ከአክብሮት የተነሣ ነበር። ምንም የማያጣ ጀግና ምኑ ጀግና እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብኛል።

ሁለተኛ፤ እህቴ በሥዕሎቿ ያስገኘቻቸው ዋንጫዎች የሚደረደሩበትን ቁም ሳጥን «ለጊዜው ነው» ብለው በመሥሪያ ክፍሏ መስኮት ላይ አስደግፈውታል። እሷም በገዛ ዋንጫዎቿ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ፀጉር በምታህል የብዕር ጫፍ ክር ስትስል ኖራለች። ይነሣልን ብንል እንግዶች እንዲያዩት እንደሆነ ተነገረን። ዛሬ እህቴ ሰውን ከጥላው አትለይም። ሐኪሙ ጥፋቱ የመስኮቱ ብቻ ነው አላለም፤ እኔም ከሐኪሙ አልበልጥም። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን ልብ ይበሉልኝ።

ሦስተኛውና ያንገበገበኝ ይህ ነው። እህቴ የዓይኗ ብርሃን ፈጽሞ ሳይደክም የሳለችው የመጨረሻ ገጽ ባለመርፌዋ የተሰነጠቀውን ግድብ ሰፍታ ስታበቃ የሚያሳይ ነው። ከተማው ድኗል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከድና የስፌቱን መስመር በጣቶቿ ትዳብሳለች። እርስዎ ይህን ገጽ አስነሥተው በሌላ እጅ አሳሉት። በታተመው ላይ ባለመርፌዋ ዓይኖቿን እንደ መኪና መብራት አብርታ ትስቃለች። ለዚህ ፈጣን ፈውስ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የእህቴ ሐኪሞች ይህን ያህል አልቀናቸውም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ታሪኩ በቅርቡ ተጠርዞ በመጽሐፍ ሲወጣ የእህቴ ገጽ ወደ ቦታው ይመለስ።

ወንበርዎ ዘወትር ከመስኮት አጠገብ እንዲሆን፣ የገዛ ክብርዎም ብርሃንዎን እንዳይጋርድብዎ እየተመኘሁ፣ ለለገሱን ጥላ ሁሉ ባለውለታዎ የሆንኩት፣

የባለመርፌዋ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ መጽሔቱ የደረሰን ቀን እህቴ የመጨረሻውን ገጽ በጣቶቿ ዳበሰችው። «ወንድምዬ፣ ዓይኗን እንደከደነች ናት አይደል?» አለችኝ። እንደሳልሻት ናት አልኳት። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ገጽ በገጽ እንዲነግራት የቀጠረችው ጡረታ የወጣውን አራሚያችንን ነው፤ እሱ ደግሞ በሕይወቱ ስሕተት አይቶ ማለፍ አያውቅበትም። እባክዎ ከዚያ በፊት ውሸቴን እውነት ያድርጉልኝ። ዋጋ የማያስከፍል አስማት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።