ሁሉም የጠበቁት ምት

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? አክስታችን ጋ ከሄድክ ወዲህ ትከሻህ የደሴቱን ብርድ እንዴት ቻለው? እሷስ ዛሬም ፍየሎቿን በየስማቸው እየጠራች ትቆጣለች? እኛ ደህና ነን ልበል። አባባ ግን ከጠረጴዛው ያንተን ቦታ ባዶ ትቶ ነው የሚበላው። ስልክ አላነሳም ስላልክ በእጄ ጻፍኩልህ። ደብዳቤ ብትቀደውም ቢያንስ ይዘኸዋል ማለት ነው።

ስለዚያ ቅዳሜ ነው የምጽፍልህ።

ኮንሰርቱን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ በድምፅ ሙያ ተመርቄ፣ በአዳራሹ ለሙከራ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት ለአለቆቼ ስለ እናንተ የሙዚቃ ቡድን ለፈለፍኩ። አየህ፣ እዚያ ቡድን ውስጥ ዜማው የሚሄደው በዘገየው ሰው ልክ ነው። ቀኝ እጅህ ድራሙ ላይ እስክትደርስ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፤ ምትህ ስትወድቅ ታምዚን ትዘፍናለች። ከዳውን ሲንድረሟ ይልቅ በምላሷ የምትታወቀው ታምዚን! "አንተ ቀንድ አውጣ፣ አርጅቼ ልሞት እኮ ነው!" ስትልህ፣ "አንቺንም ዘጠኝ ወር ጠብቀውሻል፤ ያወጡትን ግን አየነው" ብለህ አስቀሃት ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። በር ላይ ቋሊማ በዳቦ ይሸጣል፤ ከንቲባዋ ከፊት ተቀምጣለች። ዊልቸር ወደ መድረክ የሚያወጣው መንገድ በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ስለሆነ፣ ሕዝቡ እንዳያይ እናንተን አርባ ደቂቃ አስቀድመው ከመጋረጃ ኋላ ደረደሯችሁ። ታምዚን "ዕቃ ነን እንዴ? ዋጋችንንም ለጥፉብን እንጂ!" ስትል ሰምቻለሁ። ሳቅሁና ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ወደ ሚክሰሩ ተመለስኩ።

ሊጀመር ሲል ሥራ አስኪያጇ ግሌኒስ ሚክሰሩ ጋ መጣች። ትከሻዬን እያሻሸች፣ "የኔ ማር፣ የወንድምሽ ድራም ዘግይቶ ሲመታ ሰው ስህተት ይመስለዋል። ሬዲዮውም ይቀዳል። የእሱ ቁልፍ፣ አምስት ቁጥሩ፣ ዝቅ ቢልስ? እሱ ከእግሩ ሥር ባለው ስፒከር የራሱን ይሰማል፤ በምን ያውቃል? ለክብሩም ይሻላል" አለች። ያንተ ድራም የኤሌክትሪክ ነው፤ ስፒከር ካላወጣው ለአዳራሹ የለም።

አምስት ቁጥር ዝቅ ተደረገ።

ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። አንተም ጎንበስ ብለህ እጅ ነሳህ፤ ፊትህ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሬዲዮው ሲያሰማን ጋዜጠኛው "በየመሃሉ ያለው ዝምታ ልብ ይነካል" አለ። አባባ ኮርቶ ድምፁን ከፍ አደረገው። አንተ መጀመሪያ ፈገግ ብለህ ነበር። ከዚያ ዝምታው ሲመጣ ጠረጴዛውን በጣትህ መታህ፤ ታምዚን ዘፈነች። እንደገና ዝምታ፣ መታህ፣ ዘፈነች። አንዱም አልሳተም። ሦስተኛው ላይ እጅህን አነሳህና፣ "ሁሉም ጠብቀውኛል። ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?" ብለህ ዊልቸርህን አዞርክ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ግሌኒስን ስረግም ከረምኩ። አባባም እየተቀበለኝ ይረግማታል። ግን ወንድሜ፣ ግሌኒስ ሚክሰሩ በምን እንደሚበራ እንኳ አታውቅም።

ይህን ወረቀት ከቢሮ ነው ያመጣሁት። ራስጌው ላይ "የድምፅ ኃላፊ" ከሚለው ጎን ያለውን ስም ሳታየው አትቀርም። ሰኞ ጀመርኩ፤ ቋሚ ነው። ለታምዚን ከውስጥ ሆኜ ብዙ ነገር እንደምለውጥ፣ የዊልቸሩን መውጫ ወደ ፊት ለማምጣት አሥራ አንድ ገጽ እቅድ እንደጻፍኩ በጋለ ስሜት ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ፣ "ጎበዝ፤ ለእሱስ ነገርሽው?" አለችኝ።

ሰኞ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የአምስት ቁጥር ቁልፍ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ማንም ሳይነካው ከታች እንደተቀመጠ አገኘሁት። ሥሩ የለጠፍኳትን፣ ስምህን በእጄ የጻፍኩባትን ፕላስተር ነቅዬ እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ።

ቀኝ እጅህን እግዜር ይባርክልህ። በሄድክበት ሁሉ ደርሰህ እስክትመታ የሚጠብቅህ ሰው አትጣ። መልስህ ቢዘገይም ግድ የለም፤ ትንፋሼን ይዣለሁ።

ታናሽ እህትህ