የቀጋው ጸጉር

ኅዳር 3
የአጥሩ ቀጋ ቀልቷል። አንድ ሰፌድ ለቀምኩ፤ እሾሁ እጄን ቧጨረኝ። ባሌ ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል... ጉንፋን መሆን አለበት።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። «ለሳል ከቀጋ ወዲያ ምን አለ! አድርቀሽ ውቀጪና አፍልተሽ ስጪው። ጸጉሩን ግን ነቅለሽ ጣይ፣ አደራ!» አለችኝ። ፍሬው ጫፍ ላይ ያለችውን ደረቅ ጭራ አንድ በአንድ በጥፍሬ ነቀልኩ። ወገቤ ተቆረጠ።

ኅዳር 9
ጠዋትና ማታ ይጠጣል። መድኃኒት ሲባል የሚነጫነጨው ሰውዬ እሺ፣ እሺ ብቻ። ሳሉ ግን ባሰ። ሦስት ኩባያ አደረግኩት።

ኅዳር 13
ክፍል ውስጥ እያስተማረ ሳሉ አላናግር ብሎት ወደ ቤት መለሱት። ድምፁ ሻክሯል። ያለ ድምፅ ምን አስተማሪ አለ?

አባቱንም በሳል ነበር የጀመራቸው። ከዚያ ጉሮሯቸው ውስጥ... ያንን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ኅዳር 16
ሐኪሙ ጉሮሮውን በባትሪ አየ። «በጣም ቀልቷል። የዛሬ ሳምንት በካሜራ ወደ ውስጥ እናየዋለን።» ለምን ወደ ውስጥ? ምን ጠርጥሮ ነው? መጠየቅ ፈራሁ።

የስፌት ማሽኔ ላይ ተቀምጬ የደንበኛዬን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ሁለቴ።

ኅዳር 17
ፈርቻለሁ። አራት ኩባያ።

ኅዳር 19
አክስቴ ልትጠይቀው መጣች። የቀጋውን ዱቄት ቆንጥራ ክንዷ ላይ አሸችውና አከከች።
«አንቺ! ጸጉሩን አልነቀልሽም እንዴ?»
«ነቅያለሁ! ጫፉ ላይ ያለውን ሁሉ...»
«የጫፉን ማን አለሽ? የሆዱን ነው እንጂ!»

አንድ ፍሬ ሰነጠቀችልኝ። ዘሩን የከበበው ጸጉር ከዓይን ሽፋሽፍት የቀጠነ ነው። ምላሴ ላይ አደረግኩት... ወጋኝ። በቀን አራት ኩባያ ይህን ሳጠጣው ነበር! በገዛ እጄ! አክስቴ ሳቀች፤ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ጉሮሮውን አበላሽቼውስ ቢሆን? ሻዩን ደፋሁት። ለእሱ ግን መናገር አቃተኝ።

ኅዳር 23
ካሜራው ገባ፣ ወጣ። «ተቆጥቶ ነው እንጂ ምንም የለበትም» አለ ሐኪሙ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

ኅዳር 29
ዛሬ ሙሉ ቀን አስተምሮ መጣ። ሳል የለም። ጨክኜ ነገርኩት፤ ጸጉሩን፣ የጫፉን፣ የሆዱን።
«ሲወርድ እንደሚወጋኝማ አውቅ ነበር» አለ።
«ታዲያ ለምን ትጠጣለህ?!»
«ኩባያውን ስታቀብዪኝ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስጠጣው ይተውሽ ነበራ።»

ተነሥቼ የቀሩትን ፍሬዎች ሰነጠቅኩ፤ ሆዳቸውን ጠርጌ አጠብኩ፤ አፍልቼ ከቀሚስ በተረፈ ስስ ጨርቅ ሁለቴ አጠለልኩ። ሁለት ኩባያ ቀዳሁ።

መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ።